ከላይ የጀመረው ቢጫ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ሁለተኛዋ እናት ተክል ጫፏ ላይ ቢጫ ብላለች። ትንሽ ናት። ጠዋት የወንድሜን የኔፒያን የምንጭ ውሃ ካጠጣኋቸው በኋላ ነው ያየሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ረፋድ ላይ ብሪዮኒ ደረሰችበት። ይቺ አዲሷ የእርሻ ኃላፊያችን ናት፤ ከክራይስትቸርች የመጣችው ገና በማርች ነው። ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል፣ "ማቴ" ነው የምትለኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ማቴሮአ ብላ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አልቆረጠውም።

"ማቴ፣ ይሄን መቼ አየሽው?"

"አሁን" አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ይህን ደብተር የገዛሁት ንዴቴን ሰው ላይ እንዳልወጣው ነው። እዚህ ልወጣው እንግዲህ። አራቱ እናት ተክሎች የወንድሜ የኔፒያ ናቸው። ሃያ ዓመት ተራራው ላይ ደብቆ ያሳደጋቸው ካናቢሶች ዘር ናቸው። ለዚሁ ሁለቴ ታስሯል፤ ያኔ ፖሊሶቹ "ዕፀ ፋርስ" ሲሉት ነበር፣ ዛሬ "መድኃኒት" ሆኖ እኔ ነጭ ካፖርት ለብሼ መብራት ሥር አሳድገዋለሁ። ኩባንያው ፈቃዱን ሲያወጣ የኔፒያን ዘር አስመዘገበ። ሕጉ እንዲህ ያለውን ያለፈቃድ የበቀለ የአገር ዘር የሚቀበለው ፈቃዱ ሲወጣ፣ አንዴ ብቻ ነው። ከእናቶቹ የምንገነጥላቸው ችግኞች ሁሉ አድገው ይታጨዳሉ፤ ዘሩ የሚቀረው በአራቱ ነው። አራቱ ከሞቱ አለቀ፣ በሌላ በር አይገባም። ኔፒያም ከሞተ ሁለት ክረምት አልፎታል።

ስለዚህ አይሞቱም።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

አራቱም ቢጫ ሆኑ።

ብሪዮኒ ቅጠሉን በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ ስልኩም "የማግኒዚየም እጥረት" አላት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ስልክ ትጠይቃለች!

"ማግኒዚየም ከሆነ ከታች ነበር የሚጀምረው" አልኳት። "ሲያጥራት ከታች ካሉት አሮጌዎቹ ነጥቃ ለላይኞቹ ትሰጣለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆኑት አሮጌዎቹ ናቸው። እነዚህን እያቸው፤ የታቹ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ቢጫው ከላይ፣ ከለጋዎቹ ነው የጀመረው።"

"ሲስተሙ ዘጠና አንድ በመቶ እርግጠኛ ነው።"

"እኔ መቶ ነኝ።"

ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።


ሰኞ፣ ኤፕሪል 14። ምሳ ሰዓት፣ መኪና ውስጥ

ማግኒዚየሙ እጥፍ ተደረገ። የቅጠሎቹ ጫፍ አረረ። ቢጫው ባለበት አለ። እሰይ ልል አልችልም፣ የሚያርሩት የኔ ናቸው።

ቱሪ መጥቶ መስኮቴ ላይ ተደገፈ። የአጎቴ ልጅ ነው፤ የማዳበሪያውን ውሃ ታንኮችና ቧንቧዎች የሚጠብቀው እሱ ነው፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ሳይቀልድ የዋለበት ቀን የለም።

"እትዬ፣ ዘበኛው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? 'ያቺ ሴትዮ ሁለት ሊትር ውሃ ተሸክማ ትገባለች፣ አንዴም ሽንት ቤት ስትሄድ አላየሁም' ይላል።"

"ዘበኛው በር ይጠብቅ እንጂ እኔን ምን ያስጠብቀዋል!"

"ታንኩን በየቀኑ እለካዋለሁ፤ አሲድነቱ ልክ ነው፣ ወለም ዘለም የለውም" አለኝ። "እናቶቹ ከተተከሉባቸው ባልዲዎች ሥር የሚንጠፈጠፈውንስ ለክተሽዋል?"

"ነገ" አልኩት።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

አልለካሁም። ሥራ በዝቶ ነው።


አርብ፣ ኤፕሪል 25

የዘማቾች ቀን። ጎህ ሲቀድ ሐውልቱ ሥር ቆመን የአያቴን ስም ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ሲያነቡ ሰማን። ሦስት ሄደው አንድ ነው የተመለሰው። የመንደራችን አሮጊት ናኒ ማይሬ በዚያ ብርድ አንዴም ሳይቀመጡ ቆመው ነበር፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። እሳቸውን እያየሁ እኔ ምን ሆኜ ነው የሚደክመኝ አልኩ።

ተክል በዓል አያውቅም፣ ከዚያ ወደ ሥራ ገባሁ። መታጠቢያው ክፍል ሆኜ ብሪዮኒ ኦክላንድ ካለው ሥራ አስኪያጅ ከኮሊን ጋር ስታወራ ሰማኋት። ስልኩን ጮክ አድርጋ ከፍታዋለች። ጆሮዬን ምን ላድርገው?

"እስከ ሜይ 30 ካላገገሙ ይወገዱ" ይላል። "የካናዳዎቹ ችግኞች ተዘጋጅተዋል። ለስሜት ተብሎ ክፍል አይያዝም።"

"ሴትዮዋን ይጎዳታል" አለች ብሪዮኒ።

"እኔ የማስተዳድረው ክፍል ነው እንጂ ሴትዮዋን አይደለም።"

ደሜ ፈላ። ወጥቼ እናቶቹ ጋ ሄድኩና እያንዳንዷን ተጨማሪ ግማሽ ሊትር አጠጣኋት። ኔፒያ ሲያጠጣቸው አንድም ቀን ታመው አያውቁም። ያችው ምንጭ ናት፣ አያቶቻችን የጠጡባት፣ ከተወለድን ጀምሮ የታጠብንባት። እነዚህ ከጠርሙስ የተቀዳ ኬሚካል ብቻ እያበሏቸው "ለምን ታመሙ" ይላሉ። ብሪዮኒ መጥታ የካናዳውን ወሬ ካመጣች ቀን ጀምሮ ነው በየቀኑ ማጠጣት የጀመርኩት። ዘር የራሱን ውሃ ካገኘ ይጠነክራል ብዬ ነው።

ሠላሳ ሜይ! የት አባታቸው። ወይ ፍንክች!


ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ዛሬ አንድ ቅጠል ከክፍሉ ይዤ ወጣሁ።

እዚህ ቅጠል በግራም ተመዝኖ ነው የሚወገድ፣ ከክፍሉ ማውጣት ክልክል ነው። አውቃለሁ፣ ደንቡን ለአዲሶቹ የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን በዚያ ሮዝ መብራት ሥር ሰው ራሱ የታመመ ይመስላል፤ የስልኳም ፎቶ በዚያው መብራት ነው የተነሳ። ቅጠሉን መዳፌ ውስጥ ደብቄ ወደ ማራገፊያው በር ሄድኩና መስታወቱ ላይ፣ በእውነተኛ ፀሐይ አየሁት።

ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ናቸው። ቀጫጭኖቹ ሳይቀሩ። በመሃላቸው ያለው ነው ቢጫው። ለጋ ቅጠል፣ ከላይ፣ ደም ሥሩ አረንጓዴ መሃሉ ቢጫ። ብረት ነው! ብረት አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ አይነቃነቅም፣ ከአሮጌ ወደ ለጋ አይሄድም፤ ሲጠፋ የሚራቡት ልጆቹ ናቸው።

ብሪዮኒ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

"ማቴ፣ ይሄ ማስጠንቀቂያ ያሰጥሻል።"

"ስጪኛ። መጀመሪያ ግን ነይ እዪው።"

አየችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቅጠሉን መዝና ማስጠንቀቂያውን ጻፈችልኝ። ሁለቱንም በአንድ እስክሪብቶ። ይቺን ልጅ ልጠላት ብፈልግም እያስቸገረችኝ ነው።


ሐሙስ፣ ሜይ 1

ማግኒዚየሙን አቆመችው። "ብረት ነው ያልሽው ልክ ነው" አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቱሪ አጨበጨበ፣ ቀበጥ!

ደስታዬ ግን እስከ ሻይ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ለብቻዬ ጠርታኝ፣ "አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "ብረቱ ታንኩ ውስጥ ሞልቷል። የታንኩ አሲድነትም ልክ ነው። ከዚሁ ታንክ የሚጠጡት የሌሎቹ ክፍሎች ተክሎች ደህና ናቸው። ታዲያ እናቶቹ ለምን አይወስዱትም? ከታንኩ ውጭ የሚደርሳቸው ነገር አለ?"

ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

"የለም" አልኳት።

ምን ልበላት? ውሃ እኮ ነው። ውሃ ነገር ነው እንዴ?


ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ቤት ዋልኩ። የአሳማ አጥንት ከምንጭ ዳር ቅጠል ጋር ቀቀልኩ፣ ስኳር ድንች ጨመርኩበት፣ አልበላሁትም።

የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት እንደገና ወፍሯል። ከምንጩ ነው የምንቀዳው፣ ሁሌም እንዲህ ያደርጋል። እናቴ በቢላ ትፍቀው ነበር። እኔ ኮምጣጤ ጨመርኩበት፣ ፍስስ ብሎ አረፋ ሆኖ ሟሟ። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አጥቤ ቦታው መለስኩና እንጨት ልፈልጥ ወጣሁ።

ብዙ ፈለጥኩ። ለሁለት ክረምት የሚበቃ።


ረቡዕ፣ ሜይ 7

ብሪዮኒ ብረት ቅጠሉ ላይ ረጨች። ያረፈበት ቦታ ብቻ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ አረንጓዴ መለሰ፣ አዲሱ ቅጠል ግን እንደገና ቢጫ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛዋ እናት ጫፏ ነጭ ወደ መሆን ሄዳለች።

እኔ ውሃውን ጨመርኩ። ሁለት ጠርሙስ ሆኗል። ለምን እንደጨመርኩ አትጠይቁኝ። ካቆምኩ ምክንያቱ እሱ ነው ማለት ነው። አይደለም!


ማክሰኞ፣ ሜይ 13

ቱሪ ራሱ ለካው። ሳልጠይቀው፣ ሳይነግረኝ። ከባልዲዎቹ ሥር የሚንጠፈጠፈውን።

ሰው ፊት አልተናገረም፤ እግዜር ይስጠው። ማታ ስንወጣ መኪናዬ ጋ ጠበቀኝ። አንዴም አልቀለደም።

"ሰባት ነጥብ ዘጠኝ" አለኝ። "ሲገባ አምስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ሲወጣ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። ቁጥሩ እንዲህ ሲወጣ አሲዱ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ያኔ ብረት ይታሰራል፣ ሥራቸው አጠገብ ተኝቶ አይነኩትም። እትዬ፣ ያ የምትሸከሚው ጠርሙስ የምንጩ ውሃ ነው አይደል?"

"የምንጩን ስም እንዳታነሳ!"

"ምንጩ ከኖራ ድንጋይ ነው የሚፈልቀው። ማንቆርቆሪያሽን እዪው።"

"ኔፒያ ሃያ ዓመት አጠጥቷቸዋል! ሃያ ዓመት! በዚያች ውሃ ከሰው ቁመት በላይ ነበሩ!"

"ኔፒያ በጫካ አፈር ነው የተከላቸው። ያ አፈር በመበስበስ ብዛት ጎምዛዛ ነው፣ ኖራውን ያጠፋዋል። እዚህ ያሉት በታጠበ የኮኮናት ቃጫ ላይ ነው፤ ምንም የሚከላከልላቸው የለም። ያፈሰስሽው ሁሉ እዚያው ነው የቀረው።"

ብዙ ነገር አልኩት። አባቱን ሳይቀር አነሳሁበት፣ አባቱ እኮ አጎቴ ናቸው። "ጨረስሽ?" አለኝ። ጨርሼ ነበር።

ቤት ገብቼ ጠርሙሶቹን ጓሮ ደፋኋቸው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እኔ ነኝ። ብሪዮኒ አይደለችም፣ ስልኳም አይደለም፣ ኮሊንም አይደለም። እኔ፣ በገዛ እጄ።


ረቡዕ፣ ሜይ 14

አላጠጣኋቸውም።


ሰኞ፣ ሜይ 19

ማቆሙ ብቻ አልበቃም። ባልዲዎቹ በትክክለኛው ውሃ ብዙ ጊዜ መታጠብ አለባቸው፣ ያ ደግሞ ያለ ብሪዮኒ ትእዛዝ አይሆንም። እሷ ምክንያቱን ሳታውቅ ለምን ታዛለች? ከነገርኳት ደግሞ ለመድኃኒት ተክል ያልተመዘገበ ነገር ማጠጣት ያስባርራል፤ ማስጠንቀቂያም አለብኝ። አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል።

ናኒ ማይሬ ጋ ሄድኩ። የምንጩ ነገር የእሳቸው ነው፤ በዓመት በዓመት አስጸድተው የሚያስጸልዩበት እሳቸው ናቸው። የተጠበሰ ዳቦ አቀረቡልኝ። እየፈራሁ ነገርኳቸው። ውሃችንን ሰደብሽ ይሉኛል ብዬ ነበር።

"ውሃው ምን አደረገሽ?" አሉኝ።

"ናኒ፣ ኖራ አለበት፣ ለእነሱ አልተስማማም።"

"ታዲያ ውሃው ምን አጠፋ? አንቺ ነሽ ሳትጠይቂ የጋትሻቸው። እኔ እንኳ ይሄን ዳቦ ለእንግዳ ሳቀርብ ስኳር አለብህ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።"

ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ስለ ሥራዬ ነገርኳቸው፣ ብናገር እንደምባረር። ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ "ብዪ" አሉኝ፣ "ባዶ ሆድ ሆነሽ እንዲህ ያለ ነገር አትናገሪም።"

እናገር እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም።


ሐሙስ፣ ሜይ 22

የጠዋቱ ጸሎት እንዳለቀ፣ ሰው ሳይበተን፣ "የምናገረው አለኝ" አልኩ። አሥራ አንድ ሰው ቆሟል። ኮሊን ከኦክላንድ በስክሪኑ ላይ አለ።

"ከማርች 10 እስከ ሜይ 13፣ በገባሁበት ቀን ሁሉ፣ ከምንጫችን የቀዳሁትን ውሃ እናቶቹን አጠጥቻለሁ። መዝገብ ላይ የለም። ውሃው ኖራ አለበት፤ ብረቱን ያሰረባቸው እሱ ነው። ከሥራቸው የሚወጣውን ለኩት።"

ብሪዮኒ እስከ ጆሮዋ ቀላች። "ጠይቄሽ ነበር" አለች። "ዓይን ዓይንሽን እያየሁ ጠይቄሽ ነበር!"

"ጠይቀሽኛል። ዋሸሁሽ።"

"ለምን?"

"ጥያቄሽ ልክ ስለነበረ።"

ኮሊን ጉሮሮውን ጠረገ። "ማቴሮአ፣ ይሄ እንደሚያስባርርሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። እኔን ዛሬውኑ አባሩኝ። እነሱን ግን በኔ ጥፋት እንዳታስወግዷቸው። ይታጠቡና ሁለት ሳምንት ይሰጣቸው። ቢጫ የሆነው ቅጠል አይመለስም፣ እሱን አይታችሁ አትፍረዱ፤ አዲሱን እዩ።"

"ይሄ ድርድር አይደለም።"

"አይደለም። እየነገርኩህ ነው።"

አንድ ሰው ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ። ቱሪ ነው የሚሆነው። የመግቢያ ካርዴን አስረክቤ ወጣሁ። ብሪዮኒ አልሸኘችኝም፤ በመስታወቱ ሳያት መለኪያዋን ይዛ ወደ እናቶቹ ክፍል እየሮጠች ነበር።


አርብ፣ ሜይ 30

ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ውጭ መኪናዬን አቁሜ ተቀመጥኩ። መንገዱ የኩባንያው አይደለም፣ የሁላችንም ነው። ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ "ይሂዱ" አለኝ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። በሦስተኛው ሻይ ይዞልኝ መጣ።

የሚወገደው ተክል የሚጫንበት መኪና በኋላ በር ገባ። ሲወጣ ወርጄ አጥሩን ያዝኩ፤ ቱሪ ከኋላው እየሮጠ መጣና በአጥሩ ሽቦ ጣቱን አሾልኮ ያዘኝ።

"የዕለት ቆሻሻ ነው! እናቶቹን አልነኳቸውም! ብሪዮኒ ኮሊንን 'ሁለት ሳምንት ካልተሰጣቸው እኔም እለቃለሁ' ብላዋለች።"

"እሷ?"

"እሷ።"

መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ መሪው ላይ ተደፍቼ ቆየሁ።


ሐሙስ፣ ጁን 12

ከምሳ በኋላ ብሪዮኒ ራሷ ቤቴ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ማን እንደነገራት እንጃ። አልተቀመጠችም።

"ሦስቱ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል" አለች። "በፀሐይ ብርሃን አየሁት። ሙሉ አረንጓዴ ነው። ትናንት ከእነሱ ችግኝ ገንጥለናል። ሦስተኛዋ ግን አልተረፈችም። ይቅርታ።"

ሦስተኛዋ ኔፒያ የሚወዳት ነበረች። አለቀስኩ፣ አልደበቅኳትም። ሦስቱ አሉ። የወንድሜ ዘር አለ። ለእሱም ለሦስተኛዋም አለቀስኩ።

ከዚያ ወረቀት አወጣች። የስንብት ወረቀት ነው፣ ሁለት ቅጂ፣ መፈረም አለብኝ። "ምክንያት" የሚለው ላይ "ቸልተኝነት" ተብሎ ተጽፏል።

"ይሄን አልፈርምም።"

"ማቴሮአ፣ እኔ ነኝ ያቀለልኩልሽ። ኮሊንን አንድ ሳምንት ለምኜው ነው። ቸልተኝነት ከሆነ ነገ ሌላ እርሻ ልትገቢ ትችያለሽ። ሆን ብላ ከተባለ ግን በዚህ ሥራ ማንም በር አይከፍትልሽም።"

"ዋሾ በዪኝ፣ እሺ። ደደብም በዪኝ፣ እሺ። እነዚያን ተክሎች ግን አንድ ቀን እንኳ ቸል ብያቸው አላውቅም።"

እስክሪብቶውን ተቀብዬ "ቸልተኝነት" የሚለውን በሁለቱም ቅጂ ላይ ሰረዝኩት። ከበላዩ "አውቃ፣ በየቀኑ፣ በገዛ እጇ አጠጣቻቸው" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ብሪዮኒ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

"ፈርሚና ቅጂዬን ስጪኝ።"

ፈረመች። እዚህ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ።